ነጥብ ስድስቷ ከየት መጣች? የ98.6 ፋራናይት ጉዳይ

ሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። ሜሪላንድ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ናት። እዚያ ገና ምሽት ነው። የሁለት ዓመት ልጇ ቀኑን ሙሉ ሲነጫነጭ ውሎ እራቱን እንቢ ብሏል፤ እሷም በጆሮ በሚለካው ቴርሞሜትር ለክታው 99.3 ፋራናይት አንብባለች። «ወንድም ጋሼ፣ የጤነኛ ሰው ሙቀት 98.6 ነው ብለውኛል፤ ይኸው አልፏል። ድንገተኛ ክፍል ልውሰደው?» አለችኝ። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል።

ብድግ ብዬ ተቀመጥሁና ወደ ሴልሺየስ ለመቀየር በቃሌ አሰላሁ። ከ99.3 ላይ 32 ሲቀነስ 67.3 ይቀራል፤ ያ ለ1.8 ሲካፈል 37.4 ገደማ ይሆናል። «37 ነጥብ 4 ነው» ስላት ትንፋሿ ወዲያው ረጋ። አዲስ አበባ ሳለች የታላቅ እህታችንን ልጆች ስታሳድግ ቴርሞሜትሩ ላይ 37.4 አይታ «ደህና ነው፣ ይተኛ» ያለችበት ጊዜ ብዙ ነው። ውኃ እንድትሰጠው፣ የደራረበችለትን ልብስ እንድታቀልለትና ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግማ እንድትለካው ተነጋግረን ስልኩን ዘጋን። ልጁ በሰላም አደረ፤ ጠዋት ቁርሱን በላ።

እኔ ግን እንቅልፍ ተመልሶ አልወሰደኝም። 37.4ን ያለ ፍርሃት ያነበበች ሴት በ99.3 ለምን ደነገጠች? ሁለቱ አንድ ሙቀት ናቸው። ልዩነቱ ያለው በማነጻጸሪያው ላይ ነው። እኛ አገር «37» ብለን የምናስታውሰው ድፍን ቁጥር ግራና ቀኙ ሰፊ እንደሆነ ሁላችንም ሳንማር እናውቃለን። «98.6» ግን ነጥብ አለው፤ ነጥብ ያለው ቁጥር ደግሞ በጥንቃቄ ተለክቶ የተገኘ፣ ዝንፍ ማለት የሌለበት ድንበር ይመስላል። ይህ ጽሑፍ የዚያችን ነጥብ ስድስት አመጣጥ ተከትሎ የሚሄድ ነው። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩ የሚጀምረው ጀርመን ውስጥ፣ ላይፕዚግ ከተማ ነው። ካርል ራይንሆልድ አውጉስት ቩንደርሊሽ የሚባል ሐኪም ከ1850 ጀምሮ በዚያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምርና ሆስፒታሉን ይመራ ነበር። በዚያ ዘመን ሐኪሞች ትኩሳትን የሚያውቁት እንደ እናቶቻችን እጃቸውን ግንባር ላይ አድርገው፣ የደም ሥር ምት ቆጥረውና ምላስ አይተው ነው። ቩንደርሊሽ ግን በሽተኞቹን በየቀኑ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ፣ በቴርሞሜትር እንዲለኩ አደረገ፤ ውጤቱንም በየአልጋው በተንጠለጠለ ወረቀት ላይ በመስመር አስነደፈ። ዛሬ ነርሶች በየክፍሉ ይዘውት የሚዞሩት የሙቀት ሰንጠረዥ የዚያ ልማድ ወራሽ ነው። የሚጠቀምበት መሣሪያ ርዝመቱ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ የነበረ የባዜቃ ቴርሞሜትር ሲሆን፣ ብብት ሥር ሩብ ሰዓትና ከዚያም በላይ መቆየት ነበረበት። ሲወጣ የሚወርድ ስለነበረም ከበሽተኛው ሳይነቀል መነበብ ያስፈልገው ነበር። በዚህ አድካሚ መንገድ ወደ 25,000 ከሚሆኑ በሽተኞች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ልኬት እንደሰበሰበ ይነገርለታል።

በ1868 በሽታና የሰውነት ሙቀት ስላላቸው ግንኙነት መጽሐፍ አሳተመ። ጤነኛ ሰው ሙቀቱ 37 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ እንደሚጸና የጻፈው እዚያ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ አላቆመም። ጤነኛ ሰው ከ36.25 እስከ 37.5 ሊወርድና ሊወጣ እንደሚችል፣ ሙቀቱ ከሌሊቱ ማብቂያ እስከ ማለዳ ዝቅ፣ ከሰዓት በኋላ እስከ ምሽት ከፍ እንደሚል፣ የሴቶች ከወንዶች ጥቂት እንደሚበልጥ፣ የሽማግሌዎችም ከወጣቶች እንደሚያንስ ዘርዝሯል። ትኩሳት መጠርጠር ያለበትም ከ38 ጀምሮ ነው ብሏል። ይህን ሰው በኋላ ለመጣው ስህተት ተጠያቂ የሚያደርጉ ጽሑፎች አንብቤአለሁ፤ ፍርዱ ትክክል አይመስለኝም። 37ን ብቻውን አልተወውም፤ ግራና ቀኙን አጥሮ ነው ያስቀመጠው።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1871፣ መጽሐፉ ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ። እንግሊዝም አሜሪካም የሚለኩት በፋራናይት ነበርና ተርጓሚው ከየሴልሺየሱ ጎን የፋራናይቱን ማስቀመጥ ነበረበት። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ሴልሺየሱን በ9 አባዝቶ ለ5 ማካፈል፣ ከዚያ 32 መደመር። 37 በ9 ሲባዛ 333፣ ለ5 ሲካፈል 66.6፣ 32 ሲደመርበት 98.6። ስሌቱ ፍጹም ትክክል ነው፤ የተሳሳተ አሃዝ የለበትም። ነጥብ ስድስቷም የተወለደችው እዚህ፣ በዚህች ማካፈል ላይ ነው። ከየትኛውም በሽተኛ ብብት አልተነበበችም።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ የጉዳዩ ልብ እዚህ ነውና። አንድ ሰው «37» ብሎ በድፍኑ ሲናገር ከ36.5 እስከ 37.5 ድረስ ያለውን ሁሉ እያለ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቢሆን 36፣ ከዚያ ወዲያ ቢሆን 38 ይል ነበር። ሁለቱን ዳርቻዎች ወደ ፋራናይት ስንቀይራቸው 97.7 እና 99.5 ይሆናሉ። ስለዚህ «37» የሚለው ቃል ታማኝ ትርጉሙ «ከ97.7 እስከ 99.5» ነው፤ ወርዱ 1.8 ዲግሪ ፋራናይት። «98.6» ተብሎ ሲጻፍ ግን አንባቢው ወርዱን አንድ አሥረኛ አድርጎ ይወስደዋል፤ 98.7 ከመደበኛው በላይ፣ 98.5 ከመደበኛው በታች ይመስለዋል። አሥራ ስምንት እጥፍ የሚሰፋ መስክ በአንዲት ነጥብ ታጥሮ ጠበበ ማለት ነው። የእህቴ ልጅ 99.3 በመስኩ ውስጥ ነበር፤ ከነጥቡ ግን ውጭ ነው።

አንባቢ «ሌሎቹስ ሙቀቶች እንዲህ አያደርጉም?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ በአምስት ብዜት ላይ ይገኛል። አምስት ዲግሪ ሴልሺየስ ልክ ዘጠኝ ዲግሪ ፋራናይት ስለሆነ የአምስት ብዜት የሆነ ሴልሺየስ ሁሉ ድፍን ፋራናይት ይሰጣል፦ 35 ልክ 95 ነው፣ 40 ልክ 104 ነው። በመካከላቸው ያሉት ሁሉ ነጥብ ይዘው ይወጣሉ፦ 36 ወደ 96.8፣ 38 ወደ 100.4፣ 39 ወደ 102.2። የሰው ሙቀት 35 ቢሆን ኖሮ አሜሪካ ውስጥ ማንም ስለ ነጥብ አያወራም ነበር። ነጥቧ የመጣችው ከሁለቱ መለኪያዎች አለመገጣጠም ነው።

በትርጉሙ ላይ የጠፋው ወርዱ ብቻ አይደለም። ቩንደርሊሽ የለካው ብብት ሥር ነው፤ ቁጥሩ ግን በኋላ አፍ ውስጥ ለሚለካውም ያው ሆነ፤ አፍ ደግሞ በአብዛኛው ከብብት ይበልጣል። የማለዳና የምሽት ልዩነቱም ተረሳ። መጽሐፉ ብዙ ገጽ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ተነጥላ በየቤቱ የገባችው አንዲት ቁጥር ናት። የአሜሪካ ቴርሞሜትሮች ቀስት ተቀረጸባቸው፤ ቀስቱ 98.6 ላይ ቆመ። እንግሊዞች ደግሞ የራሳቸውን መረጡ፦ በብሪታንያ ቴርሞሜትሮች ላይ የጤነኛ ምልክት የተደረገው 98.4 ላይ ነበር፤ በሴልሺየስ 36.9 ገደማ። አንድ ቋንቋ የሚናገሩ፣ በአንድ መለኪያ የሚለኩ ሁለት አገሮች በአንድ የሰው ልጅ ሰውነት ላይ በሁለት አሥረኛ ተለያዩ። አካሉ በእርግጥ እስከ አሥረኛ ድረስ የተወሰነ ቢሆን ይህ ልዩነት እንዴት በዝምታ ይታለፍ ነበር?

እዚህ ላይ ወደ ፋራናይት ራሱ መመለስ ተገቢ ነው። ዳንኤል ገብርኤል ፋራናይት በ1686 በዳንዚግ፣ በዛሬዋ የፖላንድ ከተማ ግዳንስክ ተወልዶ ኔዘርላንድስ ውስጥ መሣሪያ እየሠራ የኖረ ሰው ነው። በ1724 ለለንደኑ የሮያል ሶሳይቲ በላከው ጽሑፍ መለኪያውን በሦስት ነጥቦች ላይ እንዳቆመ አስረድቷል፦ በበረዶ፣ በውኃና በጨው ድብልቅ ዜሮን፣ በበረዶና በውኃ ብቻ 32ን፣ በጤነኛ ሰው አፍ ወይም ብብት ደግሞ 96ን። አዎ፣ 96! በፋራናይት እጅ የሰው ሙቀት የሚለካ ነገር አልነበረም፤ መለኪያው የሚቆምበት ምሰሶ ነበር። እሱ ካለፈ በኋላ ሌሎች መለኪያውን በውኃ መፍያ ነጥብ፣ በ212 ላይ ሲያጸኑት የሰው ሙቀት ከ96 ተነሥቶ ወደ 98 አካባቢ ሸሸ። ሰዎቹ አልሞቁም፤ ሚዛኑ ነው የተንቀሳቀሰው። የስዊድኑ አንደርስ ሴልሺየስም በ1742 መለኪያውን ሲያቀርብ ለሚፈላ ውኃ ዜሮ፣ ለበረዶ 100 ሰጥቶ ነበር፤ የተገለበጠው በኋላ ነው። እኛ «ሴንቲግሬድ» የምንለው መለኪያ በ1948 በዓለም አቀፍ ስምምነት በስሙ ተጠርቷል።

98.6 በቁም ነገር የተፈተነችው መጽሐፉ ከተተረጎመ ከ120 ዓመት በኋላ ነው። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲው ፊሊፕ ማኮዊያክና ባልደረቦቹ ባልቲሞር ውስጥ 148 ጤነኛ ጎልማሶችን በቀን ደጋግመው በአፋቸው እየለኩ 700 ልኬት ሰበሰቡ፤ ውጤቱን በ1992 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት አወጡ። አማካዩ 98.2 ፋራናይት፣ በሴልሺየስ 36.8 ሆነ። የጤነኞቹ ሙቀት ከ96.0 እስከ 100.8 ድረስ የተበተነ ነው። ከ700ዎቹ ልኬቶች ልክ 98.6 የሆኑት 56 ብቻ ነበሩ፤ 8 በመቶ። 98.6 አማካይም፣ መሃለኛም፣ ብዙ ጊዜ የሚደጋገም ቁጥርም አልሆነችም። ሰዓቱ ደግሞ የቩንደርሊሽን ቃል አጸና፦ ማለዳ ዝቅ፣ ከሰዓት በኋላ ከፍ።

ይህንን ውጤት በሴልሺየስ መነጽር ያየ ሰው ብዙ አይደነቅም። 36.8 በድፍን ሲጻፍ 37 ነው። ቩንደርሊሽ በድፍኑ የተናገረው ከመቶ ሃያ ዓመት በኋላ በተሻለ መሣሪያ እንኳ ቆሞ ተገኘ። የወደቀችው ነጥብ ስድስት ናት።

ማኮዊያክ በዚያ አላበቃም። በፊላዴልፊያ የሙተር ሙዚየም ውስጥ የቩንደርሊሽ እንደነበረ የሚታመን ቴርሞሜትር ተቀምጦ ኖሮ አስፈቅዶ ፈተሸው። ከዘመኑ መሣሪያ ጋር ሲነጻጸር ከአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ከፍ አድርጎ የሚያሳይ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ አስቡት፤ በመሣሪያው ላይ ከአንድ ዲግሪ በላይ ጥርጣሬ አለ፣ እኛ ግን የአሥረኛ ዲግሪ ድንበር አልፏል ብለን ልጅ ይዘን እንሮጣለን።

ወሬው በ2020 እንደገና ተነሣ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘማቾች መዝገብ ጀምሮ እስከ 2017 ድረስ የተመዘገቡ 677,423 ልኬቶችን አነጻጽረው የአሜሪካውያን ሙቀት በእርግጥም እየቀነሰ እንደመጣ ጻፉ፤ በየአሥር ዓመቱ የልደት ዘመን ወደ 0.03 ዲግሪ ሴልሺየስ። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከተወለዱት ወንዶች ጋር ሲነጻጸሩ የዛሬዎቹ 0.59 ዲግሪ ሴልሺየስ ዝቅ ብለዋል። መሣሪያው ብቻ አይደለም፣ አካሉም ሳይለወጥ አልቀረም የሚል ድምዳሜ ነው።

እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ፤ በዚህ መንገድ ሲሳሳቱ ብዙ ሰው አይቻለሁና ልጥቀሰው። «0.59 ዲግሪ ቀንሷል» የሚለውን ወደ ፋራናይት ስንቀይር 32 አይደመርም። 32 የሚደመረው ቴርሞሜትሩ ላይ ለሚነበብ ሙቀት ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱ መለኪያዎች ዜሮን የጀመሩት ከተለያየ ቦታ ነው። ልዩነት ግን መነሻ የለውም፤ ሁለት ደረጃ መውጣት ከመሬትም ጀምር ከፎቅ ያው ሁለት ደረጃ ነው። ስለዚህ 0.59 በ1.8 ይባዛል፣ 1.06 ፋራናይት ይሆናል፣ በቃ። ቀመሩን እንዳለ ያስገባ ሰው 33 ያገኛል፤ በዚህ ሒሳብ አሜሪካውያን በረዶ ሆነዋል። «ምድር 2 ዲግሪ ብትሞቅ» የሚለው የአየር ንብረት ዜናም እንዲሁ ነው፦ 3.6 ፋራናይት እንጂ 35.6 አይደለም።

ጉዳዩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ቢሄድ ኖሮ የፋራናይት ተጠቃሚዎችን ችግር አድርጌ እተወው ነበር። ግን ወደ እኛም መጥቷል። በ1961 ፒተርስዶርፍና ቢሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት የሚባለውን በሽታ ለመወሰን መስፈርት አወጡ፦ ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ፣ በተደጋጋሚ ከ101 ፋራናይት ያለፈ፣ ሆስፒታል ተኝቶ ለአንድ ሳምንት ተመርምሮም ያልታወቀ። 101 ለአሜሪካዊ ሐኪም ድፍን፣ ለማስታወስ የሚመች ቁጥር ነው። ወደ ሴልሺየስ ሲቀየር ግን 69 ለ1.8 ተካፍሎ 38.33 ይሆናል፤ መጻሕፍቱም 38.3 ብለው አተሙት። በሴልሺየስ የሚማር የሕክምና ተማሪ ሁሉ፣ የእኛም ጨምሮ፣ 38.3ን ይሸመድዳል። ለምን 38.3? ለምን 38.2 ወይም 38.5 አልሆነም? ነጥብ ሦስቷም እንደ ነጥብ ስድስቷ ከበሽተኛ አልመጣችም፤ ከማካፈል ነው የመጣችው። ላይፕዚግ ለባልቲሞር ያበደረችውን ነጥብ አሜሪካ ለእኛ መለሰችልን ማለት ነው።

በተቃራኒው ደግሞ 100.4 አለ። አሜሪካ ውስጥ ከሦስት ወር በታች የሆነ ሕፃን ሙቀቱ በፊንጢጣ ተለክቶ 100.4 ከደረሰ ወይም ካለፈ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበት። ይህችም ነጥብ አራት የ38 ልጅ ናት፤ ምንጯ ድፍን ቁጥር ነው። ግን ይህችን ድንበር ማንም እንዲንቃት አልፈልግም። የመደበኛ ሙቀት ቁጥር ስለ ብዙ ሰው የሚናገር አማካይ ነው፤ የ100.4 ድንበር ግን ስለ አንድ ሕፃን የሚወሰን ውሳኔ ነው፤ ውሳኔ ደግሞ የሆነ ቦታ ላይ መቆረጥ አለበት። ጨቅላ ልጅ ያላት እናት 100.4 ስታይ «ያው በማካፈል የመጣ ነው» ብላ እንድትተኛ ከማድረግ ይህን ሁሉ ባልጽፍ ይሻለኛል።

በማግስቱ እህቴ እንደገና ደወለች፤ ልጁ እየሮጠ ከኋላዋ ይሰማኛል። «አንተ በቃልህ ስትቀይር እኔ ስልኬን ፍለጋ እጆቼ ይንቀጠቀጣሉ» አለችኝ። መንገዱን ነገርኳት። ከሴልሺየስ ሲነሡ ቁጥሩን እጥፍ ማድረግ፣ ከእጥፉ አንድ አሥረኛውን መቀነስ፣ 32 መጨመር ነው፦ 39 እጥፉ 78፣ አሥረኛው 7.8፣ የቀረው 70.2፣ ከ32 ጋር 102.2። ከፋራናይት ሲነሡ 32 ቀንሶ ለሁለት መክፈልና የግማሹን አንድ አሥረኛ መጨመር ነው፦ ከ102 ላይ 70 ይቀራል፣ ግማሹ 35፣ አሥረኛው 3.5፣ ድምሩ 38.5። ትክክለኛው 38.9 ነው፤ ይህ መንገድ ጥቂት ዝቅ አድርጎ ስለሚሰጥ ትኩሳትን አሳንሶ እንዳያሳይ አሥረኛውን በዘጠነኛ መለወጥ ይበልጣል፦ 35 ለ9 ሲካፈል 3.9፣ ድምሩ 38.9። የቴርሞሜትሯንም ቁልፍ እንድትመረምር ነገርኳት፤ ብዙዎቹ የዲጂታል ቴርሞሜትሮች ከአንዱ መለኪያ ወደ ሌላው የሚቀየሩበት አላቸው። ለማንኛውም ፋራናይቱን እንዳትተወው መከርኳት፤ የልጇ ሐኪምና ነርስ የሚጠይቋት በእሱ ነው።

ማቀዝቀዣዋ ላይ የምትለጥፈው ወረቀትም ጻፍኩላት። 35 ከ95 ጋር፣ 36 ከ96.8 ጋር፣ 38 ከ100.4 ጋር፣ 39 ከ102.2 ጋር፣ 40 ከ104 ጋር። ፎቶውን አይታ «ወንድም ጋሼ፣ 37 ላይ ለምን ሁለት ቁጥር ጻፍህ?» ብላ ጠየቀችኝ። እዚያ መስመር ላይ የላክሁላት «ከ97.7 እስከ 99.5» የሚል ነበር።